ልጅ እያሳደጉ በ30 ቀን ልቦለድ መጻፍ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች

ልቦለድ የመጻፍ ሐሳብ በልባቸው ይዘው ዓመታት የቆዩ ወላጆች በከተማችን ብዙ ናቸው። ፒያሳ ሱቅ ከፍታ የምትውል አለች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ አለ። ቤት ውስጥ ሁለት ሕፃን ይዛ የምትውልም አለች። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «ልጆቹ ትንሽ ጠንከር ይበሉልኝና እጀምራለሁ።» ልጆቹ ጠንከር ሲሉ ደግሞ የቤት ሥራው፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ዩኒፎርሙ ይመጣል። በወላጅ ቤት ባዶ ጊዜ የሚባል ነገር ራሱ መጥቶ በር አያንኳኳም።

እኔ ሆጤ አካባቢ ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዤ ነው የምጽፈው። ትልቋ ኬጂ ትሄዳለች፤ ትንሹ ገና መራመድ ጀምሯል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የታሰበው እንዲህ ላለ ቤት ነው። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ማሰቡን ከመጻፉ ለዩት። የልቦለድ ሥራ ትልቁ ክፍል ማሰብ ነው። ማሰብ ደግሞ ወንበርም ዝምታም አይፈልግም። ልብስ እያጠባችሁ፣ ሽሮ እያማሰላችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ እሹሩሩ እያላችሁ ይታሰባል። ስትቀመጡ የሚቀራችሁ የታሰበውን ወረቀት ላይ ማውረድ ብቻ ነው። ይህን የለመደች እናት በ15 ደቂቃ ብዙ ትሠራለች። ያልለመደ ሰው ሙሉ ቀን ቢሰጡትም ነጭ ወረቀት ሲያይ ይውላል።

ነገሩ ምንድን ነው?

በአንድ ወር ልቦለድ የመጻፍ ቻሌንጅ በዓለም የታወቀው «ናኖራይሞ» በሚል ስም ነው። የተጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። ክሪስ ቤቲ በሚባል ሰው አነሳሽነት 21 ሰዎች ሆነው ጀመሩት። በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ይጽፉ ነበር። ግቡ በ30 ቀን 50,000 ቃል ነው፤ በቀን 1,667 ገደማ ማለት ነው። ያቋቋመው ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. መዘጋቱን አስታውቋል። አሠራሩ ግን የማንም ንብረት አይደለም። ወር፣ ደብተርና ቁርጠኝነት ካላችሁ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

የዚህ ቻሌንጅ ጥቅም ጥሩ መጽሐፍ በአንድ ወር መጨረስ አይደለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄድ ረቂቅ እጃችሁ ላይ ማግኘት ነው። ጥሬ ይሆናል፣ ስህተት ይበዛዋል። ግን የሚታረም ነገር አላችሁ ማለት ነው። ለወላጅ ይህ በጣም ትልቅ ነገር ነው፤ ማረም በትርፍራፊ ደቂቃ ይሠራል፣ ከባዶ መጀመር ግን ይከብዳል።

1. ቁጥሩን ለራሳችሁ ቁረጡ

50,000 የእንግሊዝኛ ልክ ነው። አማርኛ ማን እንዳደረገ፣ ማንን እንዳደረገ፣ አሉታውንም ጭምር በአንድ ግስ ውስጥ ስለሚያጭቅ ያው ታሪክ በጣም ባነሰ ቃል ያልቃል። እኔ የምመክረው 30,000 ቃል ነው። በየቀኑ ከጻፋችሁ 1,000 ቃል ይደርሳል።

ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ግን «በየቀኑ» ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው። ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ስለዚህ ከ30ው ቀን ስድስቱን ከመጀመሪያው ተዉአቸው። 24 ቀን ጻፉ፤ በቀን 1,250 ቃል። 24 በ1,250 ልክ 30,000 ይሆናል። ስድስቱን ቀን አስቀድማችሁ ስለተዋችኋቸው አንድ ቀን ሲያመልጣችሁ «አለቀልኝ» አትሉም።

አሁን ደግሞ ፍጥነታችሁን ለኩ። ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉና ለ15 ደቂቃ የመጣላችሁን ጻፉ። ከዚያ ቁጠሩ። 200 ቃል ከሆነ 1,250 ቃል ለመጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያስፈልጋችኋል። በደብተር የምትጽፉ ከሆነ አንድ ገጽ ሞልታችሁ ቃሉን ቁጠሩ። ገጹ 120 ቃል ከያዘ የቀኑ ሥራ ከ10 ገጽ ትንሽ ይበልጣል። ከዚህ በኋላ ቃል ሳይሆን ገጽ ብቻ ቁጠሩ።

2. ወሩን ምረጡ

ኖቬምበር በእኛ ከጥቅምት 22 ገደማ እስከ ኅዳር 21 ገደማ ነው። ወር መሃል ላይ መጀመር ግን ያደናግራል። ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ አንዱን ወር ከ1 እስከ 30 ያዙት።

የእኔ ምርጫ ኅዳር ነው። ዝናቡ አልፏል፣ ልብስ ቶሎ ይደርቃል፣ ልጆች ውጭ ይጫወታሉ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ሁለት ወር ስላለፈው ትልቋ ጠዋት ስትሄድ አታለቅስም። ኅዳር 12 ሚካኤልና ኅዳር 21 ጽዮን ከስድስቱ የዕረፍት ቀናት ውስጥ ይገባሉ። መስከረምን አትሞክሩት፤ ዓመት በዓሉ፣ ምዝገባው፣ መስቀሉ ወሩን ይበላዋል። ጥርም ያው ነው፤ ጥምቀትና ሰርግ አለ፣ ትልልቅ ልጆች ላሉት ደግሞ የመንፈቅ ፈተና አለ። ሐምሌና ነሐሴ ልጆች ቤት የሚውሉበት ጊዜ ነው። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናቡ በር ላይ ቆሞ፣ ሁለት ሕፃን አንድ ክፍል ውስጥ ይዞ መጻፍ ለማንም አልመኝም።

ረመዷን ከፈረንጆቹ አቆጣጠር አንጻር በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም ይላል። የምትጾሙ ከሆነ የዘንድሮውን ቀን አይታችሁ ከወሩ ጋር እንዳይጋጭ አድርጉ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ፣ ኢፍጣር አዘጋጅቶ፣ ተራዊሕ ቆሞ፣ በላዩ ላይ 1,250 ቃል መጻፍ ሰውነትን መበደል ነው። በረመዷን መጻፍ የምትፈልጉ ካላችሁ ከሱሑር በኋላ ያለችው ጸጥታ ጥሩ ናት፤ ግን 300 ቃል ትበቃለች።

ልጃችሁ ከስድስት ወር በታች ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ቻሌንጅ ለሌላ ዓመት አቆዩት። ይህን በቀላሉ አልናገረውም፤ መጻፍ ማቋረጥ እንደሚያም አውቃለሁ። ግን በዚያ ዕድሜ ሌሊቱ ለጡት የተቆራረጠ ነው፤ የእናት እንቅልፍ ለድርድር አይቀርብም። በቀን 100 ቃል ጻፉ። በወሩ 3,000 ቃል ይሆናል፤ የአንድ አጭር ታሪክ ልክ ነው።

3. ከቤተሰብ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ኅዳር ላይ ልጽፍ ነው፣ አግዙኝ» ማለት ጥያቄ አይደለም። ሁሉም «እሺ» ይላል፤ ማንም ምን እንደሚያግዝ አያውቅም። ሰዓቱን፣ ሥራውን፣ የሚያልቅበትን ቀን ቆርጣችሁ ጠይቁ።

ለባል እንዲህ ይባላል፦ «ከኅዳር 1 እስከ 30፣ ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 2፡45 ልጆቹን የምታስተኛው አንተ ነህ። እኔ ጓዳ ነኝ። እያለቀሱም ቢሆን አትጥራኝ።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትተዉአት። ልጅ ባለቀሰ ቁጥር የሚጠራ ረዳት፣ ረዳት አይደለም።

ለአያት ደግሞ በአክብሮት፣ ግን በግልጽ፦ «እትዬ፣ ይህን ወር ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ትንሹን ቢይዙልኝ። ቁርሱን አብልቼ ነው የማመጣልዎ።» ለምን እንደሆነም ንገሯቸው። መጽሐፍ እየጻፍሽ ነው ሲባል የሚኮሩ አያቶች ከምታስቡት በላይ ብዙ ናቸው። ታሪክ የሚነግሯችሁም እነሱ ናቸው፤ ከልጁ ጋር አንድ ታሪክም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

አያት ቅርብ ከሌለ ጎረቤት አለ። የደሴ ሰፈር ትልቁ ሀብት ይኼ ነው። ልጅ ካላት ጎረቤት ጋር ተለዋወጡ፦ ሰኞና ረቡዕ የእሷን ልጆች አንቺ ያዢ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የአንቺን እሷ ትያዝ። ገንዘብ አይጠይቅም። ማንም ባለዕዳ ሆኖ አይቀርም።

ጸሐፊው አባት ከሆነ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ሚስት ሁሉንም ተሸክማ አባት ካፌ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ወር፣ ሁለቱ የተስማሙበት ወር አይደለም። የወሰድከውን ሰዓት ያህል በዚያው ሳምንት መልስ። አንተ ጠዋት አንድ ሰዓት ከጻፍክ፣ ማታ አንድ ሰዓት ልጆቹ የአንተ ናቸው፤ እሷም የፈለገችውን ታድርግበት።

4. ከወሩ በፊት 40 መስመር ጻፉ

ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ባሉት ሁለት ሳምንታት ልቦለዱን አትጀምሩት። የትዕይንት ዝርዝር ሥሩ። 40 ትዕይንት፣ እያንዳንዱ አንድ መስመር። አንዱ ትዕይንት በአማካይ 750 ቃል ከሆነ 40ው 30,000 ይሆናል።

መስመሩ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ማን የት እንዳለ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደከለከለው። ለምሳሌ፦ «ሐረጎ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ፤ እሷ እስከ 6 ሰዓት ኮምቦልቻ መድረስ አለባት፤ አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ ገንዘብ የተበደረው ሰው ነው።» ይህ መስመር ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ጠዋት ገንፎ እያገነፋችሁ ሰውየው ምን እንደሚላት ታስባላችሁ። ሕፃኑ ሲተኛ ንግግሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። «ሚኒባስ ውስጥ የሆነ ነገር ይፈጠራል» ተብሎ የተጻፈ መስመር ግን ለማሰብም አይመችም።

ታሪኩን የምታውቁት ቦታ ላይ አድርጉት። ሰኞ ገበያ በገበያ ቀን እንዴት እንደሚሸት ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወረድ ጆሮ እንደሚደፈን፣ ሹራቡ መንገድ ላይ እንደሚወልቅ፣ ቦርከና በክረምት እንዴት እንደሚደፈርስ ታውቁታላችሁ። በንጉሥ ሚካኤል ዘመን የሚሆን ታሪክ ካማራችሁ፣ አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ የሚሆን ግብር ካሰባችሁ፣ ደስ ይላል፤ ግን ንባቡን ከወሩ በፊት ጨርሱ። ኅዳር ውስጥ የማታውቁት ነገር ሲገጥማችሁ «ይጣራ» ብላችሁ አስምሩበትና እለፉ። ለማጣራት ስልክ የከፈተ ወላጅ ያንን ግማሽ ሰዓት መልሶ አያገኘውም።

5. ቀኑን ሦስት ቦታ ክፈሉት

አንድ ሰዓት ተኩል በአንድ ላይ አይገኝም። ሦስት ቦታ ሲከፈል ግን ይገኛል። ከአምስት ዓመት በታች ልጆች ላሉበት ቤት እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ 11፡40። የፈጅር አዛን ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ቀስቃሽ ይሆናችኋል። ይህ የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነው፤ ማንም ገና ምንም አልጠየቃችሁም። ከሻይ በፊት ጻፉ።

ከሰዓት፣ ትንሹ ሲተኛ፣ 30 ደቂቃ። ዕቃው ይቆይ። የልጁን እንቅልፍ ለዕቃ ማጠቢያ አትስጡት፤ ዕቃ ልጅ ነቅቶም ይታጠባል።

ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ 20 ደቂቃ። ይህ ለቀላል ነገር ነው፦ ለንግግር፣ ለጀመራችሁት ትዕይንት ማብቂያ።

ማታ አምሽታችሁ ሌሊትም አትነሱ። አንዱን ምረጡ። 11 ሰዓት የምትነሱ ከሆነ 4 ሰዓት ላይ ተኙ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 እስከ 2 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል፤ የቀኑ እንቅልፍ ጭምር ነው። ልጆች በሰዓቱ ከተኙ ለእናንተም ጊዜ ይተርፋል። ስለዚህ ወሩ ከመግባቱ ከሁለት ሳምንት በፊት የመኝታ ሰዓታቸውን አስተካክሉ። በኅዳር 1 ዋዜማ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

አንዱን ጊዜ ስትጨርሱ የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ጽፋችሁ ተነሡ። «በሩን ስትከፍት ያየችው…» ብላችሁ ተዉት። ስትመለሱ ከየት እንደምትጀምሩ አታስቡም። ከሁሉም ምክሮቼ አንዱን ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን ነው የምሰጠው፤ ልጅ ጠርቷችሁ በድንገት ብትነሱም ክሩ አይጠፋም።

የደሴ ሌሊት በኅዳር ይበርዳል። በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ከሰል አጠገብ አድርጋችሁ አትጻፉ። የከሰል ጢስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጢሱ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀርም ይወጣል። እናንተንም የተኙትን ልጆችም ሳታውቁት ይገድላል። ጋቢ ደርቡ፣ ካልሲ አድርጉ፣ ትኩስ ነገር በፔርሙዝ ያዙ። የኮምቦልቻ ሰዎች ችግራችሁ ሌላ ነው፤ እኩለ ቀን ይሞቃል፣ ልጅም ይነጫነጫል። የእናንተ ጠዋት ከእኛም ጠዋት ይበልጥ ዋጋ አለው፤ ከሰዓቱን አሳጥራችሁ ጠዋቱን አስረዝሙት።

6. ልጆቹ ነቅተው ሳለ

ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት አንድ እጇ ነጻ ነው። ጂቦርድ የሚባለው የጉግል የስልክ ኪቦርድ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል፤ ኢንተርኔት ሲኖር እየተናገራችሁ ይጽፋል። ነጥብ አያስቀምጥም፣ ቃል ይሳሳታል፤ ለረቂቅ ግን ይበቃል። ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ሠራተኞችም በመንገድ ላይ ድምፃችሁን ቅዱ። እንቅልፍ ሲከብዳችሁ ግን ስልኩን አስቀምጡና ልጁን በደህና ቦታ አስተኙ።

መራመድ ለጀመረ ልጅ «የጽሑፍ ሳጥን» አዘጋጁ። ካርቶን ውስጥ የፕላስቲክ ክዳን፣ ማንኪያ፣ ባዶ ጣሳ፣ ጨርቅ፣ አሮጌ ቦርሳ አድርጉ። ሳጥኑ የሚወጣው ስትጽፉ ብቻ ነው፤ ስትጨርሱ ይደበቃል። ሁሌ የሚያገኘው መጫወቻ አይይዘውም። ቆርኪ፣ ሳንቲም፣ ባቄላ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ ያንቃል። ውኃ ያለበት ባልዲም በአቅራቢያው አይኑር።

አራት ዓመት የሞላው ልጅ ምልክት ይገባዋል። አንድ ሻርፕ ምረጡ። እሱን ስትለብሱ እየጻፋችሁ ነው፤ አላርሙ ሲጮህ ታወልቃላችሁ። ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ። አላርሙ ጮኾ «ትንሽ ቆይ» ካላችሁት በማግስቱ ሻርፑን አያምነውም። ለልጁም ደብተርና እርሳስ ስጡት። አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚሞነጫጭር ልጅ መጽሐፍ ሰው የሚሠራው ነገር መሆኑን ያያል። እኔን ከምንም በላይ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

ቴሌቪዥንና ስልክ ቀላሉ መፍትሔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ2 ዓመት በታች ላሉ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ቢበዛ በቀን አንድ ሰዓት ነው። ያችን ሰዓት የምትጠቀሙባት ከሆነ ለከባዱ ትዕይንት አስቀምጧት።

7. መብራትና ዕቃ

መብራት ሲኖር ሁሉንም ቻርጅ አድርጉ፤ ፓወር ባንክ ካለ ጥሩ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ግን ሁሌም ይኑር። ደብተር ቻርጅ አያልቅበትም፤ ልጅም እንደ ስልክ አይቀማውም።

በኮምፒውተር የምትጽፉ ከሆነ በዩኒኮድ፣ ማለትም ስልክም ኮምፒውተርም በሚያነበው የፊደል አሠራር ጻፉ። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ስልክ ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል። በኮምፒውተር ጀምራችሁ በስልክ ለመቀጠል ከፈለጋችሁ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉግል ዶክስ አስቀድማችሁ ካስተካከላችሁት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በየማታው የቀኑን ሥራ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ። ደብተር ከሆነ ፎቶ አንሡት። ጭማቂ ያልፈሰሰበት የልጅ ቤት ደብተር የለም።

8. ቡና፣ ለቅሶ፣ ገበያ

ወሎ ውስጥ ሰው ሳይገናኙ መኖር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ቡናውን አትተዉ፤ ቀንሱ። ለጎረቤት «ይህን ወር የከሰዓቱን ቡና ብቻ ነው የምመጣው» በሉ። ምክንያቱን ንገሩ፤ ዝም ብሎ መቅረት ያስቀይማል። ቡና ላይ የሚሰማው ወሬ፣ ቀልዱ፣ ምርቃቱ ለልቦለድ ንግግር ምርጥ ትምህርት ነው። ሰው የማን እንደሆኑ ለይቶ የሚያውቃቸውን ታሪኮች ግን እንዳሉ አትገልብጡ። ሰፈሩ ትንሽ ነው፤ ሰው ያምናችኋል።

ለቅሶ አይቀርም። የተዋችኋቸው ስድስት ቀናት ለዚህ ናቸው። የሰኞ ገበያ የምትወጡ ከሆነ ሰኞን ዝቅተኛ ቀን አድርጉት፤ 400 ቃል ይበቃል፣ ቀሪውን ሐሙስና ዓርብ አካክሱ።

ልጅ ሲታመም መጻፍ ይቆማል። ትኩሳት ይዞት ጡት ወይም ምግብ እምቢ ካለ፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ ከደከመ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ያን ቀን ስለ ቃል ቁጥር አታስቡ።

9. ከባድ ነገር የምትጽፉ ከሆነ

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ብዙዎቻችን የምንጽፈው ታሪክ ሄዶ ሄዶ እዚያ ይደርሳል። ይጻፍ፤ መጻፍ አለበት። ግን ጥቂት ጥንቃቄ አድርጉ። ያንን ትዕይንት በማታው ጊዜ አትጻፉት፤ ይዛችሁት ትተኛላችሁ። ከሰዓት ጻፉት። ከዚያ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ንፋስ ይንካችሁ። የምትጽፉትን ጮክ ብላችሁ በልጆች ፊት አታንብቡ። እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ «እዚህ የዚያ ሌሊት ታሪክ ይገባል» ብላችሁ ዝለሉት። ረቂቁ ያለ እሱ ይቀጥላል፤ አቅም ስታገኙ ትመለሱበታላችሁ።

10. መሃልና መጨረሻ

ከ12ኛው ቀን በኋላ ታሪኩ የሚያስጠላ ይመስላል። የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይገጥመዋል። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አታንብቡ። ከ40ው መስመር በጣም የምትወዱትን መርጣችሁ እሱን ጻፉ፤ ቅደም ተከተል አያስፈልግም። 22ኛው ቀን ላይ ደግሞ የመጨረሻውን ትዕይንት ጻፉ። መጨረሻው ከተጻፈ የጎደለው መሃል ብቻ ነው፤ የት እንደምትደርሱ ስለምታውቁ መሃሉ ይፈጥናል።

30ኛው ቀን ላይ 18,000 ቃል ብቻ ካላችሁ፣ 18,000 ቃል አላችሁ። ቀሪውን 12,000 በቀን 300 እየጻፋችሁ በ40 ቀን ትጨርሱታላችሁ። ልጅ ሲተኛ ያለችው የከሰዓቷ ግማሽ ሰዓት ለዚህ ትበቃለች። ለባልና ለአያት የገባችሁትን ቃል ግን ጠብቁ፤ ወሩ ሲያልቅ የእነሱ ግዴታም ያልቃል። ተጨማሪ ከፈለጋችሁ እንደገና ጠይቁ።

ረቂቁ ሲያልቅ ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ ለሦስት ሳምንት አታንብቡት። ለሰው ለማሳየት አትፍሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ንባብ በድምፅ አድርጉት፣ እርሳስ ብቻ ይዛችሁ። የተደናቀፋችሁበት ዐረፍተ ነገር ላይ መስመር አድርጉና እለፉ። «ይጣራ» ያላችኋቸውን ወደ አንድ ወረቀት አውጡ። ለማረም የምትቀመጡት ሁለተኛው ንባብ ላይ ነው፤ እሱን በሳምንት አንድ ምዕራፍ ብላችሁ ያዙት።